ፈተናውን እስክጨርስ

ፈተናውን በተፈተንኩበት ቀን እህቴ ከተቀበረች ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። አቡ ዳቢ ያሉት የማኅበሯ ሴቶች ያውቃሉ። የምትሠራበት ቤት ሰዎች ያውቃሉ። ሀገር ቤት አጎቴ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር። አል ዐይን፣ የምሠራበት ላውንደሪ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ስለ ክልልና ስለ ወረዳ ሥልጣን የተጠየቅኩትን እመልስ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ደጋግሜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከትምህርቱ ልጀምር።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሳዲያት ደሴት ላይ አንድ ቪላ ውስጥ ልጆች ትጠብቅ ነበር። ወደዚህ አገር ያመጣችኝም እሷ ናት። ሥራዬ ከንዱራ መተኮስ ነው፤ የአገሩ ወንዶች የሚለብሱትን ነጭ ረጅም ልብስ። በቀን ስንት እንደምተኩስ ቆጥሬ አላውቅም። የኮሮና በሽታ ሲመጣ ግን ከንዱራው ጠፋ። ቢሮ ተዘጋ፣ መስጊድ ተዘጋ፣ ሠርግ ቀረ። ሰው ቤቱ ከተቀመጠ የተተኮሰ ልብስ ለማን ይለብሳል? ካውያው ቀዝቅዞ ይውል ጀመር።

በዚያ ሰሞን ደወለችልኝ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም። ሥራ የለም።»

«ታዲያ ቀኑን ምን ታደርገዋለህ?»

«እተኛለሁ።»

«አውቄዋለሁ። ስማ፣ ትምህርት ቤት አስመዝግቤሃለሁ።»

አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ በሽታው ከገባ ወዲህ በቴሌግራም ማስተማር ጀምሯል አለችኝ። ትምህርቱ የክልልና የአካባቢ መንግሥት አስተዳደር ይባላል። የአንድ ሴሚስተሩን በስድስት ሳምንት ነው የሚጨርሱት።

«ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?»

«አልልም።»

«ታዲያ!»

«ቆይ፣ ለምን እሱን? ኤሌክትሪክ ምናምን የሚባል አልነበረም?»

«ነበረ። አንተ ኤሌክትሪክ ከነካህማ እናታችን ወንድ ልጅ አልነበራትም በል።» ብቻዋን ሳቀች። «ወረዳ ተቀጥረህ ሰው ስታስተናግድ ማየት እፈልጋለሁ። ነገ ና፣ ነገ ነይ የማይል አንድ ሰው እዚያ ቢኖር።»

ከየት እንደመጣ ገባኝ። ለፓስፖርቷ ከቀበሌ አንድ ደብዳቤ ለማውጣት ዘጠኝ ቀን ተመላልሳ ነበር። በየቀኑ ነገ ነይ ይሏታል። እስካሁን ስትናደድ የምታነሳው እሱን ነበር።

ሌላም ነገር ነበረ፤ በግልጽ አላለችኝም እንጂ። አባታችን የሞተው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው ነው። አጎቴ ጠዋት መጥቶ አረዳኝ። ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ፣ ግን ወረቀቱን ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እህቴ ያኔ አቡ ዳቢ ነበረች። «ለምን አሁን ነገሩት? አራት ቀን መታገሥ አቃታቸው?» ብላ ከአጎቴ ጋር ለብዙ ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። የመንጃ ፈቃድ ጀምሬ ተውኩ። የአረብኛ ኮርስ ጀምሬ ተውኩ። እሷ ሰነፍ ትለኝ ነበር። ሰነፍ መሆኔ ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ እኔ አላውቅም።

ትምህርቱ ሩጫ ነበር። በሳምንት አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ በየቅዳሜው የቤት ሥራ። አስተማሪውን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው። «ሰላም ተማሪዎች፣ ዛሬ ምዕራፍ ሁለትን እንጨርሳለን» ሲል ከኋላው አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፤ ማን ማንን ይመርጣል፣ ማን ለማን ተጠሪ ነው፣ ሥልጣኑ ከየት ይመነጫል። ላውንደሪው ለምሳ ሲዘጋ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የሰማሁትን ለእህቴ እልክላታለሁ። እሷም ልጆቹን ስታበላ ታዳምጣለች። ማዳሟ «ይሄ ሁልጊዜ የሚያወራው ሰውዬ ማነው?» ብላ ጠየቀቻት። «የወንድሜ መንግሥት ነው» አልኳት ብላ ነገረችኝ።

የመጀመሪያውን አጭር ፈተና ከአሥር አራት አመጣሁ። ደውላ ጮኸችብኝ።

«አራት? አንተ ሰነፍ! አራትማ መጽሐፉ ላይ የተኛ በግም ያመጣል!»

«ከባድ ነበር እኮ።»

«የቱ ነው ከባዱ? የወረዳ ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለማነው?»

ደብተሬን መገልበጥ ጀመርኩ።

«ለመረጠው ሕዝብ! ልጅ እያጠብኩ የሰማሁትን አንተ ቁጭ ብለህ አልሰማኸውም?»

በሚቀጥለው ሰባት አመጣሁ። «በጓ ነቃች» ብላ ነው የመለሰችልኝ።

ከዚያ በአል ዐይንና በአቡ ዳቢ መካከል ያለው መንገድ ተዘጋ። ያለ ፈቃድ ከአንዱ ወደ አንዱ መሄድ አይቻልም ተባለ። ሁለቱም አንድ ኤምሬት ውስጥ ናቸው፤ በአውቶቡስ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። በፊት ወር በገባ በአንዱ ዓርብ አቡ ዳቢ አል ሙሽሪፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ፣ መንገዱም ተዘጋ። ብዙም አልከፋኝም ነበር። ትንሽ ቀን ነው አልን።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አሳላት። ከሁለት ቀን በኋላ ማዳሟ ሆስፒታል አስገባቻት። ከዚያ ሆና አንድ ጊዜ ደወለችልኝ። ድምፁ የሷ አይመስልም፤ ደረጃ ወጥቶ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።

«ምዕራፍ አምስትን ላክህ?»

«ልኬያለሁ እታለም።»

አልላክሁም ነበር። አልጀመርኩትም። ልኬያለሁ ስላት «እሰይ» አለች። ድምፅ ለድምፅ የተነጋገርነው መጨረሻው ይህ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሠርቼ ላክሁት። ግን ስነግራት አልላክሁም ነበር።

በማግሥቱ በጽሑፍ መጣ፤ «ማሙሽ፣ ኦክስጅን አድርገውልኛል። ማውራት ከለከሉኝ። አንተ ትምህርትህን ያዝ። ሰነፍ።» ይህ መልእክት የራሷ ነው። በኋላ አረጋግጫለሁ። ከዚህ ቀጥለው ያሉት የሷ አይደሉም።

ለአራት ቀን ምንም አልመጣም። ከዚያ «ጎበዝ ወንድሜ፣ በርታ። እግዚአብሔር ይርዳህ» የሚል መጣ። ጎበዝ። እህቴ ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። ሰነፍ፣ በግ፣ እንቅልፋም፣ እነዚህ ናቸው ስሞቼ። በሽታው አለሳለሳት ብዬ አሰብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ እያንዳንዱ ነገር እጽፍላት ነበር። ስድስተኛውን ምዕራፍ ጨረስኩ፤ «ጎበዝ።» ዘጠኝ አመጣሁ፤ «ተመስገን፣ ኩራታችን ነህ።» መንገዱ ተከፈተ ሲባል፣ ተመርምሬ ልምጣ አልኳት። «ጠያቂ አያስገቡም። ፈተናህን ጨርሰህ ና» የሚል መልስ መጣ። ፈተናው የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ካለቀ በኋላ እሄዳለሁ አልኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሀገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። የአስተማሪው ድምፅ ጠፋ። የቴሌግራሙን ገጽ እከፍታለሁ፤ የመጨረሻው መልእክት «ቅዳሜ በሰዓቱ ተገኙ» የሚለው ነው። ለእህቴ ጻፍኩ፤ «ፈተናው ቆሟል። መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቅ የለም።» ሌላ ጊዜ መልሷ ቶሎ ይመጣ ነበር። የዚህ መልስ በሁለተኛው ቀን ነው የመጣው። «እሺ። አንተ ብቻ ማጥናትህን አታቁም።»

ሦስት ሳምንት ሆነ። ከስድስቱ ሳምንት ትምህርት ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት ረዘመብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እተወው ነበር። ግን ከሆስፒታል አልጋ ላይ አታቁም እያለችኝ እንዴት እተዋለሁ? የአስተማሪውን ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሰማሁት። ሕፃኑ የት የት ላይ እንደሚያለቅስ ሁሉ ያዝኩት።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ፈተናው ተሰጠ። ሃምሳ ጥያቄ ነበረው። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን አልረሳውም። በውጭ ሀገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲሞት ሞቱን የሚመዘግበው ማነው? የክልሉ ምክር ቤት፣ የወረዳው ፍርድ ቤት፣ ኤምባሲው፣ ወይስ የተወለደበት ቀበሌ? አስተማሪው ስለ ወሳኝ ኩነት ሲያስተምር ነግሮን ነበር። አላመነታሁም። ኤምባሲው የሚለውን ነካሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

እንደጨረስኩ ጻፍኩላት። «ጨረስኩ!»

ደቂቃ አልሞላም። «እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ጠዋት ሰዎች እንልክልሃለን።»

ድና ወጣች ብዬ አሰብኩ። ራሷ ልትመጣ ነው፤ ልታስደንቀኝ ነው አልኩ። ብርቱካንና ጭማቂ ገዛሁ። የመተኮሻ ክፍሉን ጠረግኩ። በሽተኛ ናት፣ ሙቀት አትችልም ብዬ ማራገቢያውን ከፊት አምጥቼ ወንበሩ አጠገብ አቆምኩት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ሚኒባስ መጥታ ቆመች። ሴቶች መውረድ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁሉም ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለብሰዋል። አምስተኛዋን ጠበቅኩ። ሾፌሩ በሩን ዘጋው።

ያኔ አወቅኩ። ማንም ምንም ሳይለኝ።

ከፊት የነበሩት የማኅበሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ሃያ ዓመት አል ሙሽሪፍ አንድ ቤት ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። አፋቸው በጭንብል ተሸፍኗል፣ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። ማራገቢያው ፊት ያለውን ወንበር አዩና ሌላውን ሳቡልኝ።

ስለ ልቅሶው ብዙ አልጽፍም። ሰው ሲያለቅስ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ መያያዝ ክልክል ነበር። ሴቶቹ በየጥጉ ተራርቀው ቆመው ያለቅሳሉ፣ እኔ መካከል ነኝ። መጨረሻ ላይ እትዬ «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብለው መጥተው ያዙኝ።

ድምፄ ሲመለስ «መቼ?» አልኩ።

ነገሩኝ። ቆጠርኩት። ጎበዝ የሚለው የመጀመሪያው መልእክት ከመጣበት ቀን በፊት ነው።

«ማነው ሲጽፍልኝ የነበረው?»

ከሁሉም ታናሿ፣ ከእህቴ ጋር አንድ ሰፈር የምትሠራው ልጅ፣ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ ወንድሜ። ስልኳን ማዳም ሰጠችን።»

«ወር ሙሉ! የሞተች እህቴ ጎበዝ እያለችኝ! ማነው ይህን ሥልጣን የሰጣችሁ?»

ሥልጣን የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ። ከትምህርቱ የወጣ ቃል ነው። ማንም አልሳቀም።

«እሷ ናት የሰጠችን» አሉ እትዬ። «አስቀድሜ ያላሰማሁህ፣ መጀመሪያ ልቅሶህ ይውጣልህ ብዬ ነው።» ስልካቸውን ከፈቱ። ለማኅበሩ ሴቶች ከሆስፒታል የላከችው የድምፅ መልእክት ነው። በየቃሉ መሀል ትተነፍሳለች።

«እትዬ… ከባሰብኝ… አደራ። ፈተናውን ሳይጨርስ… እንዳይሰማ። የአባባን… እንዳደረጉት እንዳታደርጉት። ሰበብ ካገኘ… ያቋርጣል። ሰነፍ ነው።» ከዚያ ትንሽ ሳቅ የመሰለ ነገር አለ፣ ሳልም ሊሆን ይችላል። «ሰነፍ ነው እንጂ… ደደብ አይደለም። ይችላል።»

እንደገና እንዲያሰሙኝ ጠየቅኩ። አሰሙኝ።

«ያኔ ፈተናው ዐሥር ቀን ነው የቀረው» አሉ እትዬ። «ዐሥር ቀን ምን አላት ብለን እሺ አልናት። እሷም ዐሥር ቀን መስሏት ነው የሄደችው። ከዚያ ተራዘመ ብለህ ስትጽፍ ተጨነቅን። ሁለት ቀን በስልክ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ገሚሱ አደራዋ እስከ ፈተናው ነው፣ ይጠበቅ አለ። ገሚሱ ይህማ ግፍ ነው፣ ልጁ እህቱን ሳያለቅስ ይኖራል ወይ አለ። በመጨረሻ እጅ አውጡ ተባለ።»

«ስንት ለስንት?»

«አምስት ለሦስት። አርባዋ እስኪቃረብ ይጠበቅ፣ ፈተናው ካልመጣ ግን ይነገረው ተባለ።»

«እርስዎ ከየትኞቹ ነበሩ?»

«ከሦስቱ።»

«ታዲያ እርስዎ ትልቅ አይደሉም? ለምን አልነገሩኝም?»

«ተሸነፍኩ ልጄ» አሉ። «ማኅበር ነው እኮ። ስሸነፍ ልተወው፣ ሳሸንፍ ልያዘው ነው እንዴ?»

ማኅበሩ በጠቅላላ ስምንት ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም ቀበሌ ምን እንደሆነ ከነገ ነይ በቀር አያውቁም። ስድስት ሳምንት ስለ ምክር ቤት ተምሬያለሁ፤ እንደዚህ ግን የነገረኝ አልነበረም። ተናድጄባቸው ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ። ዘጠኝ አመጣሁ ብዬ ስጽፍ እሷ መሬት ውስጥ ነበረች። ይህ የማይለቀኝ ነገር ነው።

መቃብሯ ከከተማው ወጣ ብሎ አሸዋው ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀደው። እትዬ ነበሩ፣ ታናሿ ልጅ ነበረች፣ የምትሠራበት ቤት ሾፌር ነበረ። በኋላ ሄጄ አይቻለሁ። የኤምባሲውን ወረቀትም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውየው «ምዝገባው እዚህ መሆኑን ማን ነገረህ?» አለኝ። ተምሬ ነው አልኩት።

ውጤቱ ሴቶቹ በመጡ በስድስተኛው ቀን መጣ። ቢ ፕላስ። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። የምልክለት ሰው ፈለግኩና ስልኩን አስቀመጥኩት።

ሳይነገራት የቀረችው እናቴ ነበረች። ልጇ ዝም ያለችው ኢንተርኔት ስለጠፋ ነው ብለዋት ነበር። አሁን ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ለአጎቴ ደወልኩ።

«ፍልሰታ ሊገባ ነው» አለኝ። «ጾሙን እንዴት እንደምትጾም ታውቃለህ። ሰውነቷ ደካማ ነው። ጾሙ ይፈታና እንነግራታለን።»

«ነገ ንገሯት» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ እናትህ እኮ ናት።»

«ለዚህ ነው ነገ የምልህ። አባባን ስትነግረኝ ቸኩለሃል ብላ እህቴ ተጣልታህ ነበር። እኔ ግን አሁን ቸኩል ነው የምልህ። እሷ አደራ ያለችው ስለ እኔ ነው፤ ስለ እማማ አላለችም። እማማ የምትጨርሰው ፈተና የለባትም።»

«እንግዲህ የቀረኸን አንተ ነህ፤ እንዳልክ ይሁን» አለኝ። የእድሩን ሰዎች ይዞ ነገ ንጋት ላይ እንደሚሄድ ነገረኝ።

ይህ ጠዋት ነው። ከሰዓት፣ ላውንደሪው ለምሳ ተዘግቶ ሳለ፣ እናቴ ራሷ ደወለች። በአጎቴ ልጅ ስልክ ነው።

«ልጄ፣ ደህና ነህ? በሽታው እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«እህትህስ? ድምጿን ካልሰማሁ ቆየሁ።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ናት። አጠገቧ ያለው ያ ልጅ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጣሉ፤ የሚይዟት ሰዎች።

«ደህና ናት» አልኩ።

እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ቃል ነው። ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ወር ሙሉ እንዴት ቻለችው አልኩ።

«ፈተናህስ? ተፈተንክ?»

«አለፍኩ እማማ። ጥሩ ነው ያመጣሁት።»

እልልታዋ ስልኩን አንቀጠቀጠው። እልል ስትል ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኳት።

«ለእህትህ ነገርካት?»

«ገና ነኝ።»

«ምን ትጠብቃለህ? ንገራት እንጂ! የለፋችው እሷ አይደለችም? ዛሬውኑ ንገራት።»

«እሺ እማማ» አልኩ። «እነግራታለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አሥር ሰዓት እስኪሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። ከንዱራ መምጣት ጀምሮ ነበር በዚያ ሰሞን፤ ጠረጴዛው ላይ ስድስት ተቆልሏል። ካውያውን ሰካሁና እስኪግል ቆሜ ጠበቅኩ።